ድመት በቤት ውስጥ ስትከተልዎ፦ ምክንያቷን ለይቶ የማወቂያና ተገቢውን መልስ የመስጫ መመሪያ

ከመኝታ ቤት እስከ ማድቤት፣ ከማድቤት እስከ ጓዳ፣ ከጓዳ ተመልሶ እስከ ሳሎን፣ ባለቤቱ በሄደበት ሁሉ ከተረከዙ ሥር የማትጠፋ ድመት በብዙ ቤት ትገኛለች፤ ባለቤቱም አንድ ቀን «ርቧታል» ብሎ ቍራሽ ይጥልላታል፣ ሌላ ቀን «አላስቆም አላስቀምጥ አለችኝ» ብሎ በእግሩ ገፋ ያደርጋታል፣ በሌላው ቀን ደግሞ ሥራውን ትቶ አቅፎ ይደባብሳታል። ለአንድ ጠባይ በየቀኑ የተለያየ መልስ የምታገኝ እንስሳ፣ የትኛው መልስ በየትኛው ሰዓት እንደሚመጣ አታውቅምና፣ መከተሏን ታበዛለች እንጂ አትቀንስም። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ድመትዎን ከመመገብዎም ሆነ ከማባረርዎ በፊት የምትከተልዎ ስለ ምን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ይቀድማል፤ መከተሉ አንድ ቢሆንም መነሻው ብዙ ነውና።

«ውሻ ጌታውን፣ ድመት ግን ቤቱን ትወዳለች» ሲባል ይሰማል፤ ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። የቤት ድመት የዘር ግንዷ፣ ዛሬም በሀገራችን ዱር የምትገኘው የዱር ድመት ወገን ናት፤ ይህችም ብቻዋን የምታድን፣ ብቻዋን የምትኖር፣ ግዛቷን በመዓዛ ምልክት የምታጸና አውሬ ናት። ከሰው ጋራ የተወዳጀችው ሰው እህል ማከማቸት፣ አይጥም ወደ ጎተራ መመላለስ ከጀመረ ወዲህ ሲሆን፣ በቆጵሮስ ደሴት ሊቃውንት ቆፍረው ያገኙት፣ ድመት ከሰው አጠገብ የተቀበረችበት መቃብር ዕድሜው 9,500 ዓመት ያህል ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ግዛት ወዳድነቷን አልተወችም፤ ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ እንዲሉ። ይሁን እንጂ በዚያ ግዛት ውስጥ ሰው ራሱ ከመጠጊያዎቿ አንዱ ሆኗል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2019 በአሜሪካ በኦሬገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ እነ ክሪስቲን ቪታሊ የድመት ግልገሎችን ከአሳዳጊዎቻቸው ጋራ ወደማያውቁት ክፍል አስገብተው፣ አሳዳጊውን ለሁለት ደቂቃ አስወጥተው መልሰው ባስገቡት ጊዜ፣ ከመቶው 64 ያህሉ ግልገሎች ወደ አሳዳጊያቸው ቀርበው ከተጽናኑ በኋላ ክፍሉን ያለ ሥጋት መመርመር ቀጥለዋል። ስለዚህ ድመት ሰውን አትወድም የሚለውን ፍርድ እኔ ለመቀበል ይከብደኛል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ አንዲት ደብተርና የአንድ ሳምንት ትዕግሥት ነው። ድመቷ በተከተለችዎ ቍጥር ሰዓቱን፣ ወዴት ይሄዱ እንደ ነበር፣ የጅራቷን አያያዝ፣ ድምፅ አሰምታ እንደ ሆነ፣ በተለይም እርስዎ ቆም ባሉ ጊዜ ያደረገችውን ይጻፉ። ከዚህ ጋራ አንድ ቀላል ፈተና ያድርጉ፦ ምግብ ወደማይገባበት ክፍል ሄደው፣ ሳይጠሯትና ሳይነኳት ዐሥር ደቂቃ ያህል ዝም ብለው ይቀመጡ። ደጋግማ ወደ ማድቤቱ አቅጣጫ እየሄደች፣ ዘወር ብላ እያየችዎ የምትመለስ ከሆነ ጥያቄዋ የሆድ ነው፤ በአጠገብዎ ተጋድማ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ የምታደርግ ከሆነ የፈለገችው ሙቀትን ወይም አብሮ መሆንን ነው፤ ተደብቃ ቍርጭምጭሚትዎን የምትይዝ ከሆነ አደን ናፍቋታል፤ መተኛትም መቀመጥም ተስኗት እየዞረች የምትጮኽ ከሆነ ግን ፍርሃት ወይም ሕመም ሊኖር ይችላልና ኋላ ስለ በሽታ የተጻፈውን በጥንቃቄ ያንብቡት።

ጅራቷን ሲመለከቱ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመና ጫፉ ጥቂት የታጠፈ ጅራት የሰላምታ ምልክት መሆኑን ይወቁ። ግልገሎች እናታቸው ከአደን ስትመለስ ጅራታቸውን አቁመው ሊቀበሏት ይሮጣሉ፤ ያደገችውም ድመት ያንኑ ሥርዓት ወደ ሰው አዛውራ ትጠቀምበታለች። ጕንጯንና ጐኗን በእግርዎ ላይ ስታሻሽም በጕንጯ፣ በአገጯ፣ በግንባሯና በጅራቷ ሥር ካሉት ዕጢዎች የሚወጣውን መዓዛ በእርስዎ ላይ ታኖራለች፤ የእርስዎ አፍንጫ አይደርስበትም እንጂ ለእሷ ይህ የቤተ ሰብነት ማኅተም ነው። ከውጭ ሲገቡ ከደጃፍ ጀምራ የምትከተልዎና እየተሻሸች የማታስኬድዎ ስለዚህ ነው፤ የውጭው ሽታ የእሷን መዓዛ ሸፍኖባታልና ማደስ ትፈልጋለች። መልሱ ቀላል ነው፦ ዕቃዎን ያስቀምጡ፣ ጐንበስ ብለው አንድ ጣት ወደ አፍንጫዋ ያቅርቡ፣ እሷ ጕንጯን ከሰጠች ከአገጯና ከጆሮዋ ሥር ይዳብሷት፤ ሆዷን አይንኩ፣ ሥራዋን ስትጨርስ በራሷ ጊዜ ትለይዎታለች።

የሆድ ጥያቄ ረዘም ያለ ማብራሪያ ይሻል፤ በአብዛኛው ቤት ድመትን ተከታይ የሚያደርጋት ባለማወቅ የተሰጠ ትምህርት ነውና። አንዲት ድመት ምድጃው አጠገብ ቆማ ስትጮኽ ሥጋ ከሚከትፈው እጅ አልፎ አልፎ ቍራጭ ከወደቀላት፣ የወደቀው በየቀኑ ባይሆንም እንኳ ያችን እጅ ዕድሜዋን በሙሉ ትከተላለች፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ብቻ የሚገኝ ዋጋ ዘወትር ከሚገኘው ይልቅ ልማድን ያጠነክራል። ይህን ለማስተካከል ምግቧን በአንድ ሳሕን፣ በአንድ ቦታ፣ በታወቀ ሰዓት ይስጧት፤ የተፈጥሮ አኗኗሯ በቀን ብዙ ትንንሽ አይጦችን እየያዙ መብላት ነውና ድርሻዋን ሦስት ወይም አራት ላይ ከፍለው ቢሰጧት ይስማማታል። ሳሕኗ ከምድጃው ርቆ ይቀመጥ። ከሰዓቷ ውጭ ስትጮኽ አይስጧት፣ አይቆጧትም፤ ቍጣም ለእሷ መልስ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጩኸቷ ከቀድሞው እንደሚብስ አስቀድመው ይወቁ፤ ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ተሸንፎ ይሰጣል፣ በመስጠቱም የበለጠ መጮኽ የበለጠ እንደሚያስገኝ ያስተምራታል። ቤተ ሰቡ በሙሉ፣ የቤት ሠራተኛይቱም ልጆቹም ጭምር በአንድ ቃል ካልጸኑ ድካሙ ከንቱ ነው።

ስለሚሰጣትም ምግብ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በሀገራችን ለድመት ወጥ የነካው እንጀራ መስጠት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ወጣችን ያለ ሽንኵርት አይሠራም፣ ሽሮውም ያለ ነጭ ሽንኵርት አይጥምም፣ ሁለቱም የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳሉ፤ ጕዳቱም ቀስ በቀስ ስለሚከማች ማንም ከወጡ ጋራ አያገናኘው ይሆናል። ድመት ሥጋ በል ፍጥረት ናት፤ ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ዓይኗና ልቧ ይጐዳሉ። ስለዚህ ለራስዎ ምግብ ከማጣፈጥዎ በፊት ጥቂት ሥጋ ቀንሰው፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ቀቅለው ያስቀምጡላት፤ ከሉካንዳ የሚገዛውን ሳንባም ቢሆን መቀቀል ይገባል፣ ሆኖም ሳንባ ብቻውን በቂ አይደለምና ልብና ሥጋ ይጨመርበት። ያደጉ ድመቶች ብዙዎቹ ወተት አይፈጩምና ተቅማጥ ካዩ ወተቱን ትተው ንጹሕ ውኃ ይስጧት። በልታ እየጠገበች መከተሏን ካልተወች፣ ጥያቄዋ ሌላ ነው ማለት ነው።

ሙቀትን በተመለከተ የሚታወቅ ቍጥር አለ፦ ድመት ሰውነቷን ለማሞቅም ለማቀዝቀዝም ሳትደክም የምትኖርበት የአየር ሙቀት ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ሌሊቱ ከዚህ እጅግ የራቀ ነው፤ እንግዲህ ድመቷ ወደ አልጋ፣ ወደ ጭን፣ ወደ ምድጃ ብትከተል ምን ይደንቃል። በሠፈራችን አንዲት እናት አሉ፤ ዝንጕርጕር ድመታቸው ቀኑን ሙሉ ከኋላቸው ትውላለች፤ ቡና ሊያፈሉ ረከቦቱን ዘርግተው በርጩማቸው ላይ በተቀመጡ ጊዜ ግን ሌላ ትሆናለች፦ ማንደጃውን አንድ ጊዜ ትዞራለች፣ ፍሙ ከሚፈናጠርበት ወገን ትሸሻለች፣ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ላይ ተጠቅልላ፣ በጉሮሮዋ ኩርርር እያለች ሦስተኛው ስኒ እስኪቀዳ አትነሣም። ለቆሎውም ለፈንዲሻውም ደንታ የላትም። የምትፈልገው የማይንቀሳቀስ ሰውና ሙቀት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ስትከተል የዋለችው እናቲቱ የሚቀመጡበትን ሰዓት እየጠበቀች ነው። እንዲህ ላለችው ድመት አሮጌ ጋቢ አጥፈው፣ እርስዎ ከሚቀመጡበት አንድ ክንድ ርቆ ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ ያኑሩላት፤ ጋቢውም ሳይታጠብ ቢሆን ይሻላል፣ የእርስዎ መዓዛ እንዲኖርበት። ከሰሉንም በር ሳይከፍቱ በተዘጋ ክፍል አያንድዱ፤ ጢሱ የሰውንም የድመትንም ነፍስ ያጠፋል።

ከቤተ ሰቡ ሁሉ አንዱን ብቻ መርጣ መከተሏ ለሌሎቹ ቅሬታ ሲሆን አይቻለሁ፤ በተለይ እሷን ለመያዝ ሲሮጡ የሚውሉት ሕፃናት ያዝናሉ። በስዊስ ሀገር በዙሪክ ከተማ ዴኒስ ተርነር ባደረገው ጥናት፣ ድመቷ ራሷ ቀርባ የጀመረችው ጨዋታ ሰው ቀርቦ ከጀመረው ይልቅ ረጅም ጊዜ እንደሚቆይ ታውቋል። በቤቱ አያት ካሉ፣ በድመቷ የሚወደዱት የበለጠ ስለሚሰጡ ሳይሆን ረግተው ስለሚቀመጡና እሷ እስክትመጣ ስለሚጠብቁ ነው። ሕፃኑንም ይህን ያስተምሩት፦ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ ፊት ለፊት አፍጥጦ አይያት፣ ዓይኑን በዝግታ ከደን ገለጥ ያድርግ። በእንግሊዝ በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ በ2020 የወጣ ምርመራ እንዳሳየው፣ ሰው ዓይኑን እንዲህ በዝግታ ሲከድንላት ድመት ያንኑ ትመልሳለች፣ ወደ ሰውየውም መቅረብ ትደፍራለች። በዚህ ላይ የልጅነት አስተዳደግ ብዙ ይወስናል፤ ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ዕድሜዋ የሰው እጅ የለመደች ግልገል ሰውን ተከታይ ሆና ታድጋለች፣ ያ ጊዜ ያለ ሰው ያለፈባት ግን ምን ቢያባብሏት ዳር ዳር ማለቷ አይቀርምና አይፍረዱባት።

የአደን ናፍቆት የያዛት ድመት በነግህና በሰርክ ትታወቃለች፤ የፍጥረቷ የሥራ ሰዓት ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። በእነዚህ ሰዓቶች ከበር ኋላ ተደብቃ እግር የምትይዝ ከሆነ፣ በክር ጫፍ ላባ ወይም የጨርቅ ቍራጭ አስረው፣ እንደሚሸሽ አይጥ ከእሷ እያራቁ መሬት ላይ ይጎትቱላት፤ አምስት ወይም ዐሥር ደቂቃ ይበቃል፣ በመጨረሻው ግን እንድትይዘው ይፍቀዱላት፣ ወዲያውም ይመግቧት። አሳዶ፣ ይዞ፣ በልቶ፣ ራስን ልሶ መተኛት የድመት የቀን ሥርዓት ነው፤ ይህ በጨዋታ ሲፈጸምላት እግርዎን ትተዋለች። ክሩን ግን አጠገቧ ጥለው አይሂዱ፤ ከዋጠችው አንጀቷን ይቋጥራል።

ባሕር ማዶ፣ ከፍ ባለ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቤት የሚኖር ወገናችን ይህን የጨዋታ ምክር ከሁሉ አብልጦ ሊያስብበት ይገባል። ባለቤቱ ረጅም ሰዓት ሥራ ውሎ ሲመለስ፣ ቀኑን ሙሉ አጥር ያልዘለለች፣ ለወፍ ያላደባች፣ ሰው ያላየች ድመት ከበሩ ጀምራ መከተሏ የቀኑ ሁሉ ጥማት ነው። ወደ ውጭ የሚያሳይ መስኮት አጠገብ ከፍ ያለ መቀመጫ ያዘጋጁላት፤ ከሥራ ሲመለሱ ከስልክም ከራትም አስቀድመው ያችን የዐሥር ደቂቃ ጨዋታ ለእሷ ይስጧት።

የተዘጋ በርን ነገር በአጭሩ ልናገር። ብዙ ሰው መታጠቢያ ቤት እንኳ ብቻውን አላስገባ እንዳለችው ይናገራል። ድመት ግዛቷን ሁሉ በየቀኑ ትጎበኛለች፤ የተዘጋ በር ይህን ጉብኝት ያቋርጣል። ደግሞም እርስዎን ባታይ እንኳ የት እንዳሉ በሐሳቧ ትይዛለች፦ በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ሳሆ ታካጊና ጓደኞቿ በ2021 እንዳሳተሙት፣ የባለቤታቸው ድምፅ ከአንድ ቦታ ተሰምቶ ወዲያው ከሌላ ሩቅ ቦታ ሲሰማ ድመቶቹ ተደንቀዋል፣ ሰውየው እንዴት እዚያ ደረሰ እንደ ማለት። አደጋ የሌለበትን በር ገርበብ አድርገው ይተዉት፤ ገብታ አይታ ትወጣለች።

ነገር ግን ማድቤት አደጋ አለበት። የፈላ ድስት በያዘ ሰው እግር መካከል የምትገባ ድመት ራሷንም ሰውየውንም ታቃጥላለች፤ ስለዚህ በማድቤቱ ጥግ በርጩማ ወይም መደርደሪያ መድበው፣ እዚያ ላይ በወጣች ቍጥር ጥቂት የተቀቀለ ሥጋ ይስጧት፣ ወለል ላይ ስትሆን ምንም አይስጧት። ዋጋው ሁልጊዜ በዚያ ቦታ ብቻ ከተገኘ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ቢላዋ ሲነሣ እሷ ወደ በርጩማዋ ትወጣለች። የአይጥ መርዝም ድመት ባለበት ቤት አያኑሩ፤ መርዙን የበላውን አይጥ በበላች ጊዜ እሷም ትመረዛለች።

ከፍርሃት የተነሣ መከተል የሚታየው ቤት በተለወጠ፣ እንግዳ በበዛ፣ ወይም ከቤተ ሰቡ አንዱ በተለየ ጊዜ ነው። ጅራቷ ዝቅ፣ ጆሮዋ ወደ ጐን፣ ሰውነቷ ወደ መሬት የተጠጋ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ማባረር ጭካኔ ነው። አንዲት ትንሽ ክፍል ለይተው ውኃዋን፣ ምግቧን፣ የአሸዋ ሳጥኗንና መደበቂያ ካርቶን ያስቀምጡላት፤ ለመውጣት ሲነሡ ብዙ ሳያባብሏት በጸጥታ ይውጡ፣ የለበሱትን ልብስ ትተውላት። ሰዓቱን የጠበቀ ኑሮ ከማናቸውም መድኃኒት ይበልጥ ያጽናናታል።

ወደ በሽታው ስንመጣ፣ ተከታይ ያልነበረች ድመት በድንገት ተከታይ ከሆነች ይህን ለውጥ እንደ ፍቅር ብቻ አይቁጠሩት። ዕድሜዋ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖ፣ ብዙ እየበላች የምትከሳ፣ ዕረፍት የምታጣና ሌሊት የምትጮኽ ከሆነ የታይሮይድ ዕጢዋ ከመጠን በላይ እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ውኃ የምትጠጣ ከሆነ ኵላሊቷን ወይም የስኳር በሽታን ያስቡ። ያረጀች ድመት ዓይኗ ሲደክም ወይም የአእምሮ መድከም ሲጀምራት በጨለማ እየጠፋባት ሰውን ትከተላለች፤ ለእንዲህ ያለችው በመተላለፊያው ላይ ትንሽ መብራት ሌሊቱን ይብራላት። ወንዱ ድመት ከኋላዎ እየመጣ፣ ወደ አሸዋው ሳጥን እየተመላለሰ፣ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ቀጠሮ አይያዝለትም፤ የተዘጋ ሽንት በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይገድለዋልና በዚያው ሰዓት ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።

በሀገራችን ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ያለ ነው፤ ድመትንም ይይዛል። የማያውቋት ድመት ያለ ልማዷ ወደ ሰው እየተጠጋች ብትከተል፣ ወይም የራስዎ ድመት ጠባይዋ በአንድ ጊዜ ቢለወጥ፣ ምራቅ ቢያዝረከርካት፣ አይንኳት፣ ሕፃናትንም ያርቁ። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥበው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ግልገሏን በሦስት ወሯ ማስከተብና ክትባቱን ሐኪሙ በሚያዝዘው ጊዜ ማስደገም ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ዘወትር ስትከተልዎ የኖረች ድመት መከተሏን በድንገት ያቆመች እንደ ሆነ ያው መጠንቀቅ ይገባል። ከአልጋ ሥር ወይም ከቍም ሣጥን ኋላ ይፈልጓት፤ የታመመች ድመት ብዙ ጊዜ ትሸሸጋለች እንጂ አትጮኽም። ጎትተው አያውጧት፤ ሞቅ ያለ ሽታው የሚጣራ ሥጋ አቅርበው ትበላ እንደ ሆነ ይመልከቱ። ሁለት ቀን ምግብ ካልቀመሰች ሦስተኛውን ሳይጠብቁ ክዳን ባለው ቅርጫት አድርገው ወደ ሐኪም ይውሰዷት፤ በተለይ የወፈረች ድመት ስትጾም ጉበቷ በስብ ይሞላልና።